ስድሳ ሺህ ቆጥረህ መዶሻውን ልቀቅ

ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ጸሐፊዋና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ቆጣሪ ነው። ስንት ሰዓት ሆነ ብለው ሲጠይቁት ሰከንዱን ሳይቀር ይነግራል። ሻይ ሲያማስል ማንኪያው ስንቴ እንደዞረ ያውቃል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አይክድም።

ቁጥር የተማረው በጥፊ ነው። አባቱ የድንጋይ ካባ አፈንጂ ነበር። አለቱ ውስጥ ባሩድ ይቀብርና የክሩን ጫፍ ለኩሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይሄዳል። ስድሳ ሲል ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ መሆን አለበት። ልጁን እቤት ያስቆጥረው ነበር፤ የፈጠነ እንደሆነ አንድ ጥፊ፣ የዘገየ እንደሆነ ሁለት። «የዘገየ የሚሞተው እሱ ብቻ አይደለም» ይል ነበር፣ ጥፊው ለምን እጥፍ እንደሆነ ሲያስረዳ።

አንድ ቀን ካባው ላይ አዲስ ጥቅል ክር መጣ። አባትዬው እንደ ወትሮው ለኩሶ፣ እንደ ወትሮው እየቆጠረ ሄደ። አርባ ላይ ሲደርስ ተራራው ተናደ። የተፈናጠረ ድንጋይ ግራ ጆሮውን ይዞት ሄደ፣ ትከሻውንም ሰባበረው። አልሞተም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጥፊው በቀኝ እጅ ብቻ ሆነ፤ አንድ እጅ የሁለቱን ጉልበት ይዞ ነበርና ልጁ ልዩነቱን አላየውም። ጋሽ ቆጣሪ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ሁሉ የተማረው ነገር በደንብ መቁጠር እንደሚያስፈልግ ነው። አባቱ ግን በደንብ ነበር የቆጠረው። የተሳሳተው ክሩ ነው።

ከዚያ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ፤ ኤሌክትሪክ ተማረ። እዚያም አፍንጫውን ሰብረውታል፣ እሱም የአንዱን ጥርስ አውልቋል፤ ምክንያቱን ዛሬ አያስታውሰውም። ኮምፒዩተር ያስተማሩት በሁለት ወር ኮርስ ነው። ትእዛዝ ሲጽፉለት የሚፈጽም፣ ሲሳሳቱበትም ሳይማታ የሚጠብቅ ነገር በሕይወቱ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ወደደው።

ፋብሪካው የበር ማጠፊያና የመቆለፊያ ሽፋን ይሠራል። ዋናው ማሽን ፕሬሱ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሦስት ፕሬስ አለ፣ ትልቁ ይኼ ነው። ላሜራውን ከሥር ታስገባለህ፣ ፔዳሉን በእግርህ ትረግጣለህ፣ ከላይ የመኪና ያህል የሚከብድ መዶሻ ወርዶ ቅርጹን ቆርጦ ይነሳል። መዶሻው ከመውረዱ በፊት በሠራተኛውና በብረቱ መካከል የሽቦ ፍርግርግ በአየር ግፊት ይወርዳል። ፍርግርጉ እስኪዘጋ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል።

ጋሽ ቆጣሪ ሲቀጠር ፍርግርጉ ሥር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። ፍርግርጉ ወርዶ ሲነካት «ተዘግቻለሁ» ትላለች፤ ያኔ ብቻ መዶሻው ይለቀቃል። ችግሯ ዘይት ይገባባታል፤ በንዝረቱም ትላቀቃለች። በሳምንት ሦስቴ ትበላሻለች። በተበላሸች ቁጥር ፕሬሱ ይቆማል፣ የፈረቃው አለቃም ይጮኻል። አለቃውን ሠራተኛው አቶ ቶሎ ይለዋል፤ ከአፉ «ቶሎ፣ ቶሎ» የማይጠፋ ቀጭን ሰውዬ ነው። እንዲህ ከሦስት ወር በኋላ ጋሽ ቆጣሪ ተማረረና ማብሪያዋን ነቅሎ ጣላት። በምትኳ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲጠብቅ አደረገ።

የጻፈው ፕሮግራም አጭር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፍርግርጉን አውርድ። ከዚያ ምንም ሳትሠራ ከአንድ እስከ ስድሳ ሺህ ቁጠር። ከዚያ መዶሻውን ልቀቅ። ሥራ ፈት ቆጠራ ነው፤ ጥቅሙ ጊዜ መግደል ብቻ። የእጅ ሰዓቱን ይዞ አንድ ሙሉ ቀን ሲሞክረው ዋለ። ያ ኮምፒዩተር ስድሳ ሺህ ለመቁጠር አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል፤ ፍርግርጉ ተዘግቶ ግማሽ ሰከንድ ይተርፋል ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ጥፍር አልነካም።

በዘጠኝ ዓመት ደግሞ ሠራተኛው አመል አወጣ። የማሽኑ መመሪያ የሚለው መጀመሪያ ላሜራውን አስተካክል፣ እጅህን አውጣ፣ ከዚያ ርገጥ ነው። እነሱ ግን መጀመሪያ ረግጠው፣ ፍርግርጉ እየወረደ ሳለ የላሜራውን ጠርዝ በጣታቸው ያስተካክላሉ። ፍርግርጉ ሲደርስ እጃቸውን ገፋ አድርጎ ያወጣዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰከንድ ያተርፋሉ። አቶ ቶሎ ያያል፤ ቶሎ ስለሆነለት አይናገርም። ጋሽ ቆጣሪም ያያል። ግማሽ ሰከንዱን ስለሚያውቃት አይናገርም።

ሚስቱ ወንድሟን ሥራ አስገባልኝ ብላ ስትወተውተው አምጥቶ ያስቀመጠው እዚያው ፕሬስ ላይ ነበር። አማቹ ሳቂታ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ከነባሮቹ እኩል ሆነ። «ጋሼ፣ ይኼ ፍርግርግህ እንደ እናት ነው፤ እጄን ከድስት ውስጥ መታ አድርጎ ያወጣልኛል» ብሎት ያውቃል። ጋሽ ቆጣሪ ደስ አለው። የሠራውን ሥራ እንዲህ አድርጎ ያመሰገነለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ አሮጌው ኮምፒዩተር ጭሶ ሞተ።

ቢሮው አዲስ አመጣ። ፕሮሰሰሩ ከአሮጌው አሥር እጥፍ ይፈጥናል ተብሎ ነበር፤ ደግሞም ይፈጥናል። ጋሽ ቆጣሪ ፕሮግራሙን ገልብጦ፣ ላሜራ ሳያስገባ፣ ሰው ሳያስጠጋ ፔዳሉን ረገጠ። እግሩ ገና ሳይነሳ መዶሻው ወለሉን አናወጠው። ፍርግርጉ ገና ከላይ ነበር። ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ጆሮው ጭው አለ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ስድሳ ሺህ ያው ስድሳ ሺህ ነው፤ አዲሱ ግን አንድ ሰከንድ ተኩሉን በአሥር አካፍሎ ጨርሶታል። ማድረግ ያለበትንም ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ቢፈጥን ቢዘገይ የማይለወጥ ሰዓት አለ። ከቁጥሩ ይልቅ ሰዓቱን «አንድ ሰከንድ ተኩል አለፈ ወይ» ብሎ መጠየቅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ማብሪያዋን መልሶ፣ ዘይት በማያስገባ ሽፋን ሸፍኖ መግጠም ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ነው። አቶ ቶሎ ግን ከውጭ ሆኖ የኮምፒዩተሩን ክፍል መስታወት እየደበደበ ነበር።

አዲሱ ኮምፒዩተር ፊቱ ላይ አንዲት አዝራር ነበረችው። ስትጫናት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ፕሮግራም ላላቸው ሰዎች ተብላ የተሠራች ናት። ጋሽ ቆጣሪ ተጫናት፤ በሰዓቱም ለካ። አንድ ሰከንድ ከአራት አሥረኛ። ፍርግርጉ ይዘጋል። አዝራሯ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈ፤ በነጭ ቀለም «አትንኩ» ብሎ ጻፈበት። ቅዳሜ ፋብሪካው ሲዘጋ መጥቼ ፕሮግራሙን አስተካክላለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

አሥራ አንድ ቅዳሜ አለፈ።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ አቶ ቶሎ የምርት ሪፖርቱን ለማተም ወደ መስታወት ክፍሉ ገባ። ሪፖርቱ የሚታተመው ከዚያው ኮምፒዩተር ነው፤ አዝራሯ ከተለጠፈች ወዲህ ደግሞ እንደ ኤሊ ነበር የሚሄደው። የቢሮው ታይፒስት ነገሩን ነግራዋለች፤ የሷም ኮምፒዩተር ተመሳሳይ አዝራር አለው፣ አንዴ ጫን ሲሏት ኮምፒዩተሩ ይፈጥናል። አቶ ቶሎ ፕላስተሩን ላጠው፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈው፣ አዝራሯን ጫን አደረገ። ወረቀቱ እየተንጣጣ ወጣ። ወረቀቱን እያየ ወደ በሩ ሲራመድ አማቹ ፔዳሉን ረገጠ።

ጋሽ ቆጣሪ ከሌላው ሕንፃ የአየር ቱቦ ይጠግን ነበር። የሰማው ጩኸት አይደለም። የሰማው የመዶሻውን ድምፅ ነው፤ ብረት ብረትን ሲመታ የሚያሰማው ጥርት ያለ ጩኸት ሳይሆን የታፈነ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ። ሮጠ። ጩኸቱ መንገድ ላይ ደረሰበት።

ፍርግርጉ በአማቹ ክንድ ላይ አርፏል፤ መዶሻው እጁን እንደያዘ ታች ቀርቷል። ልጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ ራሱን ወደ ኋላ እየጎተተ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ የገዛ ክንዱን ሊገነጥል ይታገላል። ሁለት ሰዎች ወገቡን ይዘው «አትጎትት፣ አትጎትት» ይሉታል። ጋሽ ቆጣሪ መዘውሩን በሁለት እጁ ይዞ መዶሻውን በእጅ ማንሳት ጀመረ። አርባ ዙር ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ዙር መዶሻው የፀጉር ያህል ከፍ ይላል፤ በእያንዳንዱ ዙር አማቹ አዲስ ድምፅ ያወጣል። እጁ ሲወጣ አውራ ጣቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። አራቱ ላሜራው ላይ የመቆለፊያ ሽፋን ቅርጽ ይዘው ተጣብቀዋል። አንድ ሰው ዞር ብሎ አስመለሰ። ክንዱን በቀበቶ አስረው፣ በዕቃ መኪናው ጭነው ወሰዱት።

ጋሽ ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ወደ መስታወት ክፍሉ ሄደ። የአዝራሯ መብራት አረንጓዴ ነው፤ ፈጣኑ ፍጥነት ማለት ነው። ፕላስተሩ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ደሙ ፈላ። በዚያች ቅጽበት የራሱ አሥራ አንድ ቅዳሜ ትዝ አላለውም። በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ጠየቀ።

«ፕላስተሩን ማነው የላጠው?»

ሁሉም ዞረ። አቶ ቶሎ ሪፖርቱን እንደያዘ ነበር።

ብየዳ ክፍል ውስጥ በያጁ የሚሉት፣ በር የሚያህል ሰው አለ። የአማቹ የምሳ ጓደኛ ነው። መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። አቶ ቶሎን በቡጢ አፉን አለው፤ ወረቀቱ ተበተነ። ሁለተኛው ቡጢ ሆዱ ላይ አረፈ፤ ሲታጠፍ በጉልበቱ ፊቱን ተቀበለው። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። በርግጫ፣ በቁልፍ መፍቻ እጀታ፣ በላሜራ ቁራጭ። ዘጠኝ ዓመት ቶሎ ሲባል የኖረ ሰው ሁሉ የየራሱን ድርሻ አወጣ። አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ ጫማዋን አውልቃ አናቱን ስትለው ጋሽ ቆጣሪ አየ። የውስጡን እንናገር ካልን፣ ደስ ብሎት ነበር።

«ወደ ፕሬሱ» አለ በያጁ።

እየጎተቱ ወሰዱት። በያጁ ቀኝ እጁን ይዞ በአማቹ ደም ላይ ዘረጋው፤ ሌሎቹ ክንዱንና አንገቱን ያዙ። አቶ ቶሎ የተሰበረ ጥርስ ተፍቶ በደም መካከል ተናገረ።

«አዝራር ነው የነካሁት። አዝራር እንዴት የሰው እጅ ይቆርጣል? ንገሩኝ እስቲ፣ አዝራር እንዴት እጅ ይቆርጣል?»

«አሁን ታየዋለህ» አለው በያጁ፤ እግሩንም ወደ ፔዳሉ ዘረጋ።

ጋሽ ቆጣሪ ያን ጥያቄ ሰማው። ጥያቄው ትክክል ነበር። አዝራር እጅ መቁረጥ አይችልም፤ እጅ እንዲቆርጥ አድርጎ የሠራው ሰው ከሌለ በስተቀር። ያን ሰው ደግሞ ያውቀዋል። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ሁሉም ጥፋተኛውን ይዘዋል፣ ጥፋተኛውም ራሱ ነክቻለሁ ብሏል። ዝም ቢል ግን ሩብ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሌላ እጅ ይሄዳል፤ ፍርግርጉም አይደርስለትም።

ዋናው ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ ነው። እጀታውን ይዞ ወደ ታች ጎተተው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የበያጁ እግር ፔዳሉን ረገጠ፤ ምንም አልሆነም።

«አብራው» አለ በያጁ ሳይዞር።

«አላበራም።»

«ሰውዬ፣ የሚስትህ ወንድም ነው። ደም የለህም?»

ጋሽ ቆጣሪ መጀመሪያ እንደ ሥራ ሰው ሊያስረዳቸው ሞከረ። ማሽኑ ፍርግርጉ ይዘጋ አይዘጋ አያይም አላቸው፤ ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ፈጣን ኮምፒዩተር ደግሞ ቶሎ ይቆጥራል አላቸው። ማብሪያውን የነቀለው ማን እንደሆነ፣ ቆጠራውን የጻፈው ማን እንደሆነ ነገራቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። በያጁ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ምን ማለት ነው ይኼ?»

«እጁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እንደሚቆርጥ አውቅ ነበር። ሦስት ወር ሊሞላ ነው፣ አውቅ ነበር።»

ይህ ገባቸው። በያጁ የአቶ ቶሎን እጅ ለቀቀ። ሰውዬው ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ሁለት እጆቹን ደረቱ ሥር ደብቆ በክርኑ እየዳኸ ሄደ። የቀሩት ወደ ማጥፊያው መጡ። ጋሽ ቆጣሪ እጀታውን አልለቀቀም፤ ከለቀቀ የሚያበራው አይጠፋም ብሎ ፈርቷል። ትልቁ ቁልፍ መፍቻ የትከሻውን አጥንት ሲሰብረው ድምፁን ሰማ። ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ጎድኑ። ሕይወቱን ሙሉ ሲቆጥር የኖረው ሰው ስንት ጊዜ እንደመቱት አያውቅም። ሲያነሱት ጣቶቹን ከእጀታው ላይ ያላቀቁት አንድ በአንድ ነው አሉ።

ሆስፒታል ውስጥ እሱና አማቹ አንድ ኮሪደር ላይ ነበሩ፣ አምስት በር ይለያያቸዋል። ሚስቱ በየቀኑ ትመጣለች። ለሁለቱም ልብስ ታመጣለች፣ ለሁለቱም ውሃ ትቀዳለች። እሱ ክፍል ግን አትቀመጥም። በሦስተኛው ቀን ሊነግራት ሲጀምር ሰምቻለሁ አለችው፣ ፋብሪካው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ከዚያ ትራሱን አስተካከለችለት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ፣ የተሰበረው አጥንቱ ላይ። አልጮኸም። እሷም እንዳመመው ታውቃለች።

በሳምንቱ አቶ ቶሎ መጣ። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ድንች አብጧል፤ አንድ ዓይኑ አይከፈትም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፕሬሱን ዘግተውታል አለ። ክፈቱ ሲባል ማንም አልጠጋም ብሏል፣ እሱም ቢሆን። ከዚያ ጠየቀ።

«እጄን ያተረፍክልኝ አንተ ነህ። አሁን ምን ልሥራ?»

«መጻፍ ትችላለህ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለና እጆቹን አሳየው፤ ለመሳቅ ሲሞክር የተሰፋው ከንፈሩ ደማ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ፋብሪካው ውስጥ፣ ጋሽ ቆጣሪ ክንዱ ከአንገቱ ጋር ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አቶ ቶሎ በሁለት ጣት እየፈለገ ጻፈ። ቆጠራው ተሰረዘ። ፍርግርጉ ሥር አዲስ ማብሪያ ገባ፣ በጎማ ተሸፍኖ። ፍርግርጉ ማብሪያውን ካልነካ መዶሻው አይለቀቅም፤ ከነካም በኋላ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ግማሽ ሰከንድ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ፈጣኑን ፍጥነት ሞከሩ፣ ዝግተኛውን ሞከሩ፤ አዝራሯን እየተጫኑ ደጋግመው ለኩ። ልዩነት የለም። አቶ ቶሎ ግን ቶሎ አላለም። አንዲቷን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበው።

አማቹ የመጣው ይህን ሲሰሙ ከተሰበሰቡት ሠራተኞች ጋር ነው። እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። በያጁ አጠገቡ ቆሟል፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። አማቹ ማንንም ሰላም ሳይል አንድ ጣውላ አንስቶ ፍርግርጉ ሥር አስገባ፣ እንዳይዘጋ። ከዚያ ፔዳሉን ረገጠ። ፍርግርጉ ጣውላው ላይ ቆመ። መዶሻው ከላይ ቀረ። አማቹ እግሩን አላነሳም። ሰው ሁሉ ጠበቀ። መዶሻው አልወረደም።

«ጋሼ» አለ ሳይዞር፣ «ይኼ ያኔ የት ነበር?»

ጋሽ ቆጣሪ ብዙ መልስ ነበረው። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ንዝረቱ፣ መስታወቱን ስለሚደበድበው ሰው። ሁሉም እውነት ነው።

«ሰነፍኩ» አለ።

አማቹ ዞሮ በግራ እጁ መታው። የግራ እጅ ቡጢ አልለመደም፤ ጉንጩን ስቶ ጆሮ ግንዱን አገኘው። ጋሽ ቆጣሪ ከነወንበሩ ወደቀ፣ የተሰበረው ወገን ከሥር ሆኖ። በያጁ ሊያነሳው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ አማቹ በደረቱ አገደው። ጎንበስ ብሎ በዚያችው ግራ እጁ ኮሌታውን ይዞ ጎተተው፣ ራሱ አነሳው፣ ወንበሩ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሁለቱም እያለከለኩ ነበር። ከአማቹ ፋሻ ደም መንጠብ ጀምሯል።

«ሌሎቹ ፕሬሶችስ?» አለ አማቹ። «ግቢው ውስጥ ሦስት ፕሬስ ነው ያለው። እነሱም ይቆጥራሉ?»

«ይቆጥራሉ።»

አማቹ ወደ አቶ ቶሎ ዞረ፣ በአገጩ ወደ ሁለተኛው ፕሬስ አመለከተው። አቶ ቶሎ ወረቀቱን ይዞ ተነሳ። በያጁ ጋሽ ቆጣሪን ከነወንበሩ ብድግ አድርጎ ተሸከመው፤ ተከታትለው ሄዱ።